እማዬ ያስተከለችኝ ቅጠል

ይሄ ነገር የደረሰው በራሴ ላይ ነው።

ሰው ነግሮኝ አይደለም የማወራችሁ። ማመን አለማመን የእናንተ ጉዳይ ነው... እኔ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ደግሞ ጨለማ አትጠብቁ። መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም፣ ዝናብም አልነበረም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይ ቤቱን ሞልታዋለች። ቦታው የእናቴ ኩሽና... መስኮቱ ሥር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፀሐይ የሞላበት ቤት መግባት እፈራለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምሠራው የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነበር። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሟ የሰዉን ጥርስ ቅርጽ አትማ ወደ ጓዳ ትልክልኛለች፤ እኔ ጀሶ አፍስሼ ጥርሱን አወጣለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጥርስ ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድሮ ሲገለፍጥብኝ ነው የሚውለው። ፊቱን የረሳሁትን ሰው እንኳ በጥርሱ አስታውሰዋለሁ።

ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ገና ሠላሳ አልሞላኝም። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነበር፤ ሁለታችን ብቻ። አባቴ ልጅ ሆኜ "መጣሁ" ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ እናቴ የሚሄድ ሰው አትወድም። ሻንጣ ስታይ እንኳ ፊቷ ይለዋወጣል።

ዕቃም አትጥልም። የመጀመሪያ ጸጉሬ፣ የወለቀ የወተት ጥርሴ፣ የሕፃንነት ካልሲዬ... ሁሉም አለ። እትብቴ ሳይቀር። ደርቆ ሲወድቅ በጥጥ ጠቅልላ ትንሽዬ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ልጅ ሆኜ እያወጣች ታሳየኝ ነበር።

"ያው... ከእኔ የተቆረጥሽባት ናት" ትለኛለች።

"ኧረ እማ፣ ያስጠላል!" ብዬ እሮጣለሁ። እሷ ትስቃለች።

ሌላው የምትወደው ነገር ተክል ነው። ያውም አንድ ዓይነት ብቻ። ቅጠሉ ወፍራም፣ ውሃ የቋጠረ፣ ሲያዩት የሕፃን ጣት የሚመስል። አበባ ሻጮቹ ሰኩለንት ይሉታል። እናቴ ግን "ወፍራሜ" ነው የምትለው። የኩሽናው መስኮት ከዳር እስከ ዳር ወፍራሜ ነው። ታወራቸዋለች፣ ትቆጣቸዋለች፣ አቧራቸውን በቀለም ብሩሽ ታራግፍላቸዋለች። እኔን እንዲህ ብትንከባከቢኝ የት በደረስኩ እያልኩ አሾፍባት ነበር።

ለደረቀ ቅጠል ግን ርኅራኄ የላትም። ቆንጠር አድርጋ በመስኮት ወደ ግቢው ትጥለዋለች።

የህንፃችን ጥበቃ ሻምበል ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው የህንፃው ሰው ነው እንጂ ወታደር ሆነው አያውቁም። መጥረጊያቸውን ይዘው ወደ ላይ እያዩ ያጉረመርማሉ።

"አሁንም ጣለችው! ለእሷ ቅጠል ብቻ ነው እንዴ የተቀጠርኩት?"

እንዲህ ነበር ኑሯችን።

ከዚያ ሥራ አገኘሁ። ሌላ ከተማ፣ ትልቅ ክሊኒክ፣ ዕድሜ ልኬን ስመኘው የኖርኩት ቦታ። እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ሰነበትኩ።

"እማ... ልሄድ ነው።"

ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ቧንቧው ይፈሳል። እጇ ግን ቆመ።

"ብቻዬን?" አለች በመጨረሻ።

"በየጊዜው እመጣለሁ እኮ።"

"አባትሽም እንዲሁ ነው ያለው።"

ያን ሰሞን ስታለቅስ ከረመች። ምግብ ስታቀርብ ታለቅሳለች፣ ልብስ ስታጥፍ ታለቅሳለች። ሆዴ ባባ። ልተወው ሁሉ አስቤ ነበር።

አንድ ቀን ግን ከሥራ ስገባ ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ።

"ሂጂ ሚጡ" አለችኝ። "ለምን ሕይወትሽን ላበላሽ? ሂጂ።"

ሚጡ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ እንኳ አልተወችውም።

"የምርሽን ነው እማ?"

"የምሬን። ግን አንድ ነገር ታደርጊልኛለሽ። ከመሄድሽ በፊት አንዲት ወፍራሜ በእጅሽ አብቅለሽ ትተዪልኛለሽ። ስትናፍቂኝ እሷን አያለሁ።"

አንጀቴን በላችው። አቅፌ ሳምኳት።

አቅፌ ሳምኳት... እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

መትከያውን ያዘጋጀችው ራሷ ናት። በማግስቱ ስገባ ሸክላው አሸዋና አፈር ተሞልቶ፣ ላዩ ጠጠር ለብሶ ቆየኝ።

"ውስጡን እንዳትቆፍሪ" አለችኝ። "እኔ አስተካክዬዋለሁ።"

ከትልቋ ወፍራሜ ላይ አንድ ቅጠል አስመረጠችኝ።

"በመቀስ አይደለም። ያዢና ቀስ ብለሽ ወዝወዝ አድርጊያት... ከነመነሻዋ ትምጣ። እዚያ የቀረ ነገር ካለ አትበቅልም።"

ጠቅ ብላ ወጣች።

"አሁን እናስቀምጣት?"

"ምን አጣደፈሽ! መጀመሪያ ቁስሏ ይድረቅ። ቁስሏ ሳይደርቅ አፈር ከነካት ትበሰብሳለች።"

ቅጠሏ ወረቀት ላይ ተጋድማ ሰነበተች። የተቆረጠችበት ቦታ ቆዳ ሲያበጅ አፈሩ ላይ አስቀመጥኳት። መቅበር የለም፤ እንዲሁ ጋደም ማድረግ ነው።

"ውሃዋስ?"

"ጣትሽን ውሃ ውስጥ እየነከርሽ አንጠባጥቢላት። ጧት ጧት። ከእጅሽ ትጠጣ።"

"ለሌሎቹ በመርጫ አይደል እንዴ የምትሰጪው?"

"ይቺ የእኔ አይደለችማ" አለች። "ያንቺ ናት።"

ሳቅን። አብረን ነው የሳቅነው።

ብዙም ሳትቆይ ከመነሻዋ ሮዝ ሥሮች አወጣች፤ ቀጫጭን፣ ክር የመሰሉ። ከዚያ ሥሮቹ መሀል ሚጢጢ ቡቃያ ብቅ አለች። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ፎቶ አንስቼ ክሊኒኩን ሁሉ አሳየሁ።

"ምን እየበላች ነው የምታድገው?" አልኳት እናቴን። "አፈሩን እንኳ በቅጡ አልያዘችም።"

"ቅጠሏን ነዋ" አለች። "ቅጠሏ የቋጠረችውን ውሃ ትጠጣለች... ትጠጣለች... ቅጠሏ ትሸበሸባለች። ከዚያ ትደርቅና ራሷ ትወድቃለች።"

"ምስኪን! ታዲያ ቅጠሏን ለምን አናነሳላትም?"

እጄን ያዘችኝ። አጥብቃ።

"እንዳትነኪያት" አለች በሹክሹክታ። "ራሷ ደርቃ ሳትወድቅ ከነቀልሻት ትንሿ ትሞታለች።"

ከዚያ እጄን ለቀቀችና ቡቃያዋን በጣቷ ጫፍ ዳበስ አደረገቻት።

"ደግሞ ልጇ እንዳትመስልሽ። ራሷ ናት... እንደ አዲስ።"

መጀመሪያ የተበላሸው ጣቴ ነው።

የሁሉም ጣቶቼ ጫፍ ተሸበሸበ። ልብስ ሲያጥቡ ውለው እንደሚሆነው ዓይነት። ጀሶው ነው ያደረቀኝ ብዬ ቅባት ተቀባሁ። ምንም ለውጥ የለም።

ከዚያ ደግሞ ስልኩ። እናቴ ምሳ ሰዓት ላይ "በላሽ?" ለማለት ሳትደውል ውላ አታውቅም። መደወል አቆመች። መሄዴን እየለመደችው ነው ብዬ ጭራሽ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሻምበል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠበቁኝ።

"ምን አስቀየምኩሽ?" አሉኝ።

"እኔን ነው ጋሼ? ምን አደረግኩ?"

"ረፋድ ላይ በመስኮት ብቅ ስትዪ ሰላም ብልሽ ዝም አልሽኝ! ዓይንሽን አፍጠሽ ታዪኛለሽ እንጂ።"

"ረፋድ ላይማ ሥራ ቦታ ነበርኩ።"

"ታዲያ ማን ናት? ጅብ ናት?" ብለው ሳቁ። "ያውም አምሮብሽ ነበር። ፊትሽ ቦግ ብሎ... አሁን ግን..."

ፊቴን ቀረብ ብለው አዩት። ሳቃቸው ጠፋ።

"አሞሻል እንዴ ልጄ?"

ቤት ገብቼ እናቴን ጠየቅኳት።

"ማን መጥቶ ነበር ዛሬ?"

"ማንም። ምነው?"

"ሻምበል በመስኮት አየሁሽ አሉኝ።"

"ዓይናቸው ደክሟል" አለች። አላየችኝም። ውሃ እያጠጣች ነበር።

ክሊኒክም ዶክተሯ ነገረችኝ። "ከስተሽ አመድ መስለሻል፣ ተመርመሪ" አለችኝ። ተመረመርኩ። ምንም የለብሽም፣ ውሃ በደንብ ጠጪ አሉኝ። ጠጣሁ። ሆዴ እስኪነፋ ጠጣሁ። ግን ውሃውን የምጠጣው ለራሴ አይመስለኝም ነበር። ጉሮሮዬ እንደደረቀ ነው የሚያድረው።

ቡቃያዋ ግን ፋፋች።

የክሊኒኩ ውሃ ተቋርጦ በጊዜ የተለቀቅንበት ቀን ነው።

በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። እናቴ ተኝታ እንደሆነ እንዳልቀሰቅሳት ነበር። ከኩሽና ድምፅ ይሰማል። የሷ ድምፅ... በሹክሹክታ።

"ብዪ ሚጡ። ትንሽ ብቻ... ጎሽ። ጎሽ የኔ ቆንጆ።"

የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

"እማ?"

ሹክሹክታው ተቋረጠ።

ወንበር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ባዶ እግር... ፈጠን ፈጠን እያለ ወደ መኝታ ቤቴ።

ተከተልኩት። መኝታ ቤቴ ማንም የለም። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ቁም ሳጥኑም ባዶ። አልጋዬ ላይ ግን ሰው የተኛበት ጎድጓዳ አለ። መዳፌን አሳረፍኩበት።

ይሞቃል።

ኩሽና ስገባ እናቴ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ። አንድ የተገመጠ ፖም።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከወፍራሜዎቼ ጋር። ዛሬ አዲስ ሆነብሽ?"

"ሁለት ብርጭቆስ?"

"አንዱ ጠዋት የተውሽው ነው።"

ጠዋት ቤት ውስጥ ምንም አልጠጣሁም።

ፖሙን አየሁት። እናቴ ያላት ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ የሠራሁላት እኔ ነኝ። ፖም በቢላ ካልተቆረጠላት አትበላም። ይሄ ግን በጥርስ ነው የተገመጠው፤ በጥልቀት፣ በጤነኛ ጥርስ።

ደግሜ አየሁት። የላይኛው ግራ ክራንቻ ትንሽ ዞሮ ነው የገባው። ያንን መዞር አውቀዋለሁ። አፌ ውስጥ ነው ያለው።

እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ ስታዞር ፖሙን በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ክሊኒክ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ግማጩ ላይ ጀሶ አፈሰስኩ። እስኪጠጥር ድረስ ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ።

ተማሪ እያለን መጀመሪያ የሠራነው የራሳችንን ጥርስ ነው። የእኔ እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ አለ። አወረድኩትና ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

ገጠሙ። ስፋቱ ገጠመ። ክፍተቱ ገጠመ። ዞሮ የበቀለው ክራንቻ ገጠመ።

አንድ ነገር ሲቀር።

ልጅ ሆኜ ደረጃ ላይ ወድቄ የፊት ጥርሴ ጫፉ ተሸርፏል። ፖሙን የገመጠው ጥርስ ግን ምንም አልሆነም... ሙሉ ነው።

ዶክተሯ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

"ያንቺ አይደለም እንዴ?"

"አ... አዎ።"

"ጎበዝ! የተሸረፈውን መቼ አስጠገንሽው? እስኪ አፍሽን ክፈቺ።"

ከፈትኩ። ትንሿን መስተዋት አስገባች። ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ጥርሴን በጣቷ ነካ ስታደርገው ተነቃነቀ።

"ዕድሜሽ..." አለች ቀስ ብላ። "ዕድሜሽ ስንት ነበር?"

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ስዞር ስዞር ውዬ ቤት የደረስኩት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

"እናትሽ ሱቅ ወጣ ብላለች" አሉኝ ሻምበል።

ኩሽናው ጸጥ ብሏል። ፀሐይ መስኮቱ ላይ ያሉትን ወፍራሜዎች ሁሉ እያበራቻቸው ነው። የእኔዋ መሀል ላይ ናት። ቡቃያዋ የሕፃን ጭብጥ አክላለች። ቅጠሏ ደግሞ ቢጫ ሆና፣ ተጨማትራ፣ በአንድ ክር ተንጠልጥላለች።

ጠጠሩን ጠረግኩ። አፈሩን በጣቴ ጫር ጫር አደረግኩ።

አፈሩ ይሞቃል።

ሥሮቹ ወደ ታች ወርደዋል። ተከተልኳቸው። መሀሉ ላይ የሆነ ነገር ጠምጥመው ይዘዋል... ጥጥ። ያረጀ፣ ቢጫ ጥጥ።

አወቅኩት።

እትብቴ ነው። በልጅነቴ "ያስጠላል" እያልኩ የምሸሸው፣ እንደ ቅርፊት የደረቀው እትብቴ። አሁን ግን ደረቅ አይደለም። ለስልሷል። ጠብድሏል። ሮዝ ሆኗል።

ደግሞም ትር... ትር... ይላል።

ቁስሏ ይድረቅ ያለችኝ ትዝ አለኝ። የእኔ ቁስል በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ስንት ዘመን ሲደርቅ ኖሯል።

"ሚጡን አትንኪያት።"

ዞርኩ። እናቴ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች። ፌስታሉ ከእጇ አልወረደም።

"ሚጡን?" አልኩ። "እማ... ሚጡ እኮ እኔ ነኝ።"

ዓይኗን ከመትከያው ላይ አላነሳችም።

"ምንድን ነው ያደረግሽው?"

"ቀስ ብለሽ ተናገሪ" አለች በሹክሹክታ። "ትሰማሻለች።"

"ማናት የምትሰማኝ?"

ፌስታሉን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

"ሂጂ ብለሽኝ ነበር እኮ። በአፍሽ ሂጂ ብለሽኛል!"

"ሂጂ። ማን ያዘሽ? እኔ ብቻዬን መቅረት ነው ያቃተኝ።"

"እኔስ? ምን እየሆንኩ እንደሆነ አላየሽም? ጣቴን አላየሽም? ፊቴን?"

አየችኝ። ለረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"አይቻለሁ" አለች።

"ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር?"

"ቅጠሏን አያማትም" አለች። "ቀስ ብሎ ነው... አያማትም።"

ቅስሜ የተሰበረው ያኔ ነው። በገዛ እጄ አስተከለችኝ። ጧት ጧት በገዛ ጣቴ አስጠጣችኝ። እኔ ስከሳ እያየች፣ የተረፈኝን ምግብ አንስታ ለሌላ ታጎርስ ነበር። ሌላ ሰው ቢያደርገው ሮጬ የምነግረው ለእሷ ነበር። አሁን ለማን ነው የምነግረው?

እጄን ወደ ቅጠሏ ሰደድኩ።

አንድ ጊዜ መንቀል ነው። ትንሿ ትሞታለች። ራሷ ናት የነገረችኝ።

እናቴ ፌስታሉን ጥላ ተንበረከከች።

"እግርሽ ላይ ልውደቅ! አትንቀያት! ልጄን ተዪልኝ!"

"እማ... እኔስ ማን ነኝ?"

አንገቷን አቅንታ ጮኸች።

"ሚጡ!"

"አቤት" አልኩ። ሳላስበው። ዕድሜ ልኬን ስትጠራኝ አቤት ያልኩ ሰው ነኝ።

"አቤት" አለ ከመኝታ ቤቴ ሌላ ድምፅ።

የእኔው ድምፅ ነው። ግን ያልደከመ... ያልደረቀ።

እናቴ ዞር አለች። ወደ እኔ አይደለም። ወደ መኝታ ቤቱ ነው የዞረችው።

ቅጠሏን ያዝኳት። ጨበጥ አደረግኩ። ጣቶቼ ግን አልታዘዝ አሉኝ፤ አንዲት የደረቀች ቅጠል የሚነቅል ጉልበት እንኳ የላቸውም። ሁለተኛ ሞከርኩ። አሁንም አዳለጠችኝ።

የመኝታ ቤቴ እጀታ ሲዞር ሰማሁ።

ቆሜ አላየሁም። በሕይወቴ ብዙ ነገር ደፍሬያለሁ፤ ራሴን ከበር ስትወጣ ለማየት ግን አልደፈርኩም። ሮጥኩ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

አዲሱን ሥራ አልጀመርኩትም። ጀሶ የሚይዝ ጣት አልነበረኝም። ሥራው ባለበት ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ተኛሁ። ከመስተዋት ጋር የተጣላሁት ያኔ ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

አንድ ቀን ደወልኩላት። ለምን እንደደወልኩ አትጠይቁኝ። እናቴ ናት።

"ሃሎ... ማን ልበል?"

"እማ... እኔ ነኝ። ሚጡ።"

ከኋላዋ ሰው ሲስቅ ይሰማኛል። ሳቁን አውቀዋለሁ።

"ተሳስተው ነው" አለችኝ። በትህትና፣ አንቱ ብላ። "ሚጡ እዚሁ አጠገቤ ናት።"

ዘጋችው።

ያን ቀን ወሰንኩ። ያቺን ቅጠል በጥርሴም ቢሆን ልነቅላት።

በአውቶቡስ፣ በቀን ነው የሄድኩት። ደረጃና መንገድ ስለሚያደክመኝ እያረፍኩ፣ ግድግዳ እየደገፍኩ፣ ግቢው በር ላይ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

ሻምበል ግቢውን እየጠረጉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

"ማንን ፈልገው ነው እማማ?"

ከኋላዬ ማን እንዳለ ለማየት ዞርኩ።

ማንም የለም።

"እማማ? ልርዳዎት?"

ወደ ላይ አየሁ።

መስኮቱ ክፍት ነው። እናቴ ቆማለች። አጠገቧ አንዲት ልጅ አለች፤ ጸጉሯን እኔ እንደማስይዘው አስይዛዋለች፣ የኔን ሹራብ ለብሳለች። ጣቷን ብርጭቆ ውስጥ እየነከረች አንድ መትከያ ላይ ታንጠባጥባለች። ወደ ታች አላየችም።

እናቴ ግን አየችኝ።

አወቀችኝ። ሻምበል ያላወቁኝን፣ እኔ ራሴን ያላወቅኩትን፣ እሷ ገና ስታየኝ አወቀችኝ። ዓይኗ ሞላ። ትጠራኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

እሽሽ...

ከዚያ ጎንበስ ብላ ከመትከያው አንድ ነገር አነሳች። አልነቀለችውም። ራሱ ወድቆ ነው ያነሳችው። በመስኮት ለቀቀችውና መጋረጃውን ሳበች።

እየተሽከረከረ መጥቶ እግሬ ሥር አረፈ።

"አሁንም ጣለችው!" አሉ ሻምበል። መጥረጊያቸውን ይዘው መጡ። "እግርዎን ትንሽ ያንሱልኝ እማማ፣ ልጥረገው።"

"አይጥረጉት!"

እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ጎንበስ አልኩ። ጉልበቴ ተንቋቋ። ቅጠሏን አነሳኋት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቀላለች።

ይሄን የምጽፍላችሁ ከዚያችው ከተከራየኋት ክፍል ነው። ቅጠሏን ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ላይ አስቀምጫታለሁ። አፈር የለም። ጠብታ ውሃ አልሰጠኋትም። ጣቴን እንኳ አላስነካኋትም።

ትናንት ከሰዓት ግን ከመነሻዋ አንዲት ሮዝ ሥር አውጥታለች። ክር የምታህል።

መስኮቱ በግራ በኩል ነው፤ ፀሐዩም በግራ ነው የሚገባው። ሥሯ ግን የታጠፈችው በቀኝ በኩል፣ እኔ ወደምቀመጥበት ወንበር ነው።

ዛሬ ጠዋት ወንበሬን ወደ ማዶው ግድግዳ ወሰድኩት።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቀና ብዬ አየኋት።

ዞራለች።